የሰኔ ሰማይ በየአገሩ

  ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ሰኔ ነው። ስለ ሰኔ ዝናብ፣ ስለ ሰኔ ብርድ፣ ስለ ሰኔ ሙቀት።

«ስለ ሰኔማ ምን የማናውቀው ነገር አለና ነው?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ ሰኔን ገበሬ ያውቀዋል። ግን እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የምታውቁት የማንን ሰኔ ነው?

ሰኔ ሲባል በብዙ ሰው ልብ ላይ የሚመጣው ሥዕል አንድ ነው። ጥቁር ደመና፣ ጭቃ፣ ሞፈርና ቀንበሩን ተሸክሞ ወደ ማሳ የሚሄድ ገበሬ። ይህ የጎጃም ሰኔ ነው። የሸዋ፣ የጎንደርና የወለጋም ሰኔ ነው። ዘሩ የሚዘራው፣ ጎተራው የሚሟጠጠው፣ ወንዙ የሚሞላው በዚህ ወር ነው። አርባ ምንጭ ከተማ ያለ ሰው ግን ይህን ሥዕል አይቶ ወደ ደጅ ቢወጣ ሌላ ነገር ያገኛል።

አርባ ምንጭ ላይ ሰኔ ሲገባ ትልቁ ዝናብ አልፏል። ከመጋቢት ጀምሮ ሲወርድ የቆየው፣ ሚያዝያንና ግንቦትን ያረሰረሰው ዝናብ እየሳሳ ሄዷል። በበልጉ የተዘራው በቆሎ ወገብ አልፏል። ዝናቡ ጨርሶ አይጠፋም፤ አንዳንድ ቀን ይጥላል፤ ግን እንደ ሚያዝያ አይደለም። ሙቀቱም ይቀንሳል። በየካቲትና በመጋቢት ከ33 ዲግሪ የሚያልፈው የቀን ሙቀት በሰኔና በሐምሌ ወደ 28 እና 29 ዲግሪ ይወርዳል። ስለዚህ በታችኛው ከተማ፣ በሲቀላ፣ ለሚውል ነጋዴ ሰኔ ማለት ትንሽ ነፋስ የሚያገኝበት ወር ነው። አዲስ አበባ ያለው ዘመዱ በዚያው ቀን ካፖርት ደርቦ፣ ጃንጥላ ይዞ፣ ጭቃ እየረገጠ ይሄዳል።

አንድ አገር፣ አንድ ወር፣ ሁለት ሰማይ። ለምን እንዲህ ሆነ?

መልሱን ከጥላችሁ ታገኙታላችሁ። ሰኔ 14 ቀን ግድም፣ ቀትር ላይ፣ ሰዓቱ 6 ሰዓት ተኩል ሲል ደጅ ውጡና ቀጥ ብላችሁ ቁሙ። ፀሐይ ካለች ጥላችሁን ተመልከቱ። አጭር ነው። የወደቀውም ወደ ደቡብ ነው፤ አርባ ምንጭ ከሆናችሁ ወደ ኮንሶ አቅጣጫ ማለት ነው። ይህን ልብ በሉና በታኅሣሥ ወር በዚያው ሰዓት እንደገና ቁሙ። አሁን ጥላው ወደ ሰሜን፣ ወደ ቼንቻ ተራራ ዞሯል። ርዝመቱም የሰኔውን እጥፍ ሊሆን ጥቂት ነው የሚቀረው።

ምን ማለት ነው ይህ? በሰኔ ፀሐይ ከራሳችን በላይ አልፋ ወደ ሰሜን ሄዳለች ማለት ነው። በታኅሣሥ ደግሞ ወደ ደቡብ ትወርዳለች። በመካከሉ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በአናታችን ላይ ታልፋለች።

ፀሐይ ቀጥ ብላ የምትመታው ምድር ይግላል። የጋለ አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ ምድጃ ላይ ያለ ጢስ ወደ ላይ እንደሚወጣው ማለት ነው። የወጣውን አየር ቦታ ለመሙላት ከባሕር በኩል እርጥበት የተሸከመ ነፋስ ይመጣል። እሱም በተራው ወደ ላይ ሲወጣ ይቀዘቅዛል። ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ ደመና ይሆናል፤ ደመናው ዝናብ ይሆናል። እንግዲህ ፀሐይ ወደ ሰሜን ስትሄድ ይህ የዝናብ መቀነት ትንሽ ዘግየት እያለ ይከተላታል። ስትመለስም ይመለሳል።

መቀነቱ ከመጋቢት እስከ ግንቦት በደቡቡ አገራችን፣ በቦረና፣ በኮንሶ፣ በጋሞ ላይ ያልፋል። በሰኔ ወደ ሰሜኑ ይሻገርና እስከ መስከረም እዚያ ይከርማል። በመስከረምና በጥቅምት ሲመለስ ደግሞ እንደገና በደቡቡ ላይ ያልፋል። ጋሞ ሁለት ጊዜ ዝናብ የሚያገኘው በዚህ ምክንያት ነው። እንግዳ ሲሄድም ሲመለስም የሚያልፍበት ቤት ሁለት ጊዜ ቡና ያፈላል፤ አይደል?

ይህ የአርባ ምንጭ ነገር ነው። አሁን ከዚያ ተነሥተን ወደ ላይ እንውጣ።

ከአርባ ምንጭ እስከ ቼንቻ ያለው መንገድ 37 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። እንደ ርቀቱ ምንም አይደለም። እንደ ከፍታው ግን ከአንድ ዓለም ወደ ሌላ ዓለም ነው። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1300 ሜትር ግድም ላይ ናት። ቼንቻ 2700 ሜትር ላይ ናት። በልዩነቱ ውስጥ 1400 ሜትር አለ። ከፍታ በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ አርባ ምንጭ ላይ ሸሚዝ ብቻ ለብሶ የተሳፈረ ሰው ቼንቻ ሲደርስ 9 ዲግሪ የሚያህል ሙቀት ከላዩ ተገፎ ይጠብቀዋል። ያውም ጉሙ ሳይቆጠር። ጉሙ ሲጨመርማ ሌላ ነው።

ከምሥራቅ በኩል የሚመጣው አየር ከታች ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች እርጥበት ይቀስማል። ከዚያም ወደ ተራራው ይገፋል። ተራራው አያሳልፈውም፤ ወደ ላይ ያወጣዋል። ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ይዘንባል። ለዚህ ነው ቼንቻ፣ ዶርዜና ዲታ በሰኔም በሐምሌም ጉምና ካፊያ የማይለያቸው። ታች አርባ ምንጭ ፀሐይ ሆኖ ቀና ብላችሁ ስታዩ የተራራው ራስ በደመና ተጠቅልሎ የምታገኙት በዚህ ምክንያት ነው። ከሁሉ በላይ የሚቆመው የጉጌ ተራራ ነው።

ሰውም ለዚህ አየር መልስ ሰጥቶበታል። የዶርዜን ቤት ያየ ያውቀዋል። ከቀርከሃ ተሸርቦ ወደ ላይ እንደ ትልቅ ቀፎ ይነሣል። ውኃ አይቆምበትም፤ እየተንሸራተተ ይወርዳል። እሳቱ ውስጥ ይነዳል፤ ጢሱ ጣሪያውን እያጠነ ከነቀዝ ይጠብቀዋል። ምስጥ ከሥሩ ሲበላው የተበላውን ይቆርጡና ቤቱ ትንሽ ያጥራል፤ ዓመታት ያገለግላል። ሲያስፈልግም ሰዎች ተሰብስበው ተሸክመው ወደ ሌላ ቦታ ያዛውሩታል። የዶርዜ ሸማኔ ወፍራም ቡልኮና ጋቢ መሥራቱም የአየሩ ነገር ነው። ጥጡ የሚበቅለው ታች ቆላ ነው፤ የሚለበሰው ላይ ደጋ ነው። ቆላው ጥጡን ባይሰጥ ደጋው ይበርደዋል፤ ደጋው ባይሸምን የቆላው ጥጥ ጥጥ ሆኖ ይቀራል።

በገበያም ይህንኑ ታያላችሁ። የአርባ ምንጭ ሙዝና ማንጎ ከቆላ ነው። የቼንቻ ፖም ከደጋ ነው። ፖም ብርድ ካላገኘ እንቡጡ በደንብ አይፈነዳም፤ ሙዝ ደግሞ ብርድ ካገኘው ቅጠሉ ይጠወልጋል። በ37 ኪሎ ሜትር ውስጥ ሁለቱም ይበቅላሉ! እኔ ስለዚህ ነገር ሳወራ ማቆም ያቅተኛል፤ ግን ሌላ አገር ስላለን እንሂድ።

ወደ ደቡብ ወደ ቦረና ብንወርድ ሰኔ ዝናብ የለውም። ሰማዩ ይደምናል፣ ነፋሱ ይነፍሳል፣ አየሩ ይቀዘቅዛል፤ ነገር ግን አይዘንብም። የቦረና ሰው ይህን ወቅት አዶሌሳ ይለዋል። ዋናው ዝናባቸው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ነው፤ ስሙም ገና ይባላል። የልደት በዓሉን ማለቴ አይደለም፤ የኦሮምኛ ቃል ነው። አስቂኙ ነገር ምን መሰላችሁ? በሸዋና በወለጋ ያለ የኦሮሞ ገበሬ ገና የሚለው ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለውን ክረምት ነው። ቋንቋው አንድ፣ ቃሉ አንድ፣ ወሩ ግን ሌላ። ቃሉ ወሩን ትቶ ዝናቡን ተከትሎ ሄደ ማለት ነው።

በሶማሌ ክልል ትልቁ ዝናብ ጉ ይባላል፤ እሱም በሰኔ እያለቀ ነው። አርብቶ አደሩ ውኃ ያለበትን ቦታ ማስላት የሚጀምረው ያኔ ነው። በአፋር ደግሞ ሰኔ የሙቀት ጣሪያ ነው። በዳሎል በ1950ዎቹ ዓ.ም. ለጥቂት ዓመታት ሙቀት ተለክቶ ነበር። የዓመቱ አማካይ ከ34 ዲግሪ በላይ ሆኖ ተገኘ። አማካይ ማለት እኮ ቀኑም ሌሊቱም፣ የብርድ ወሩም የሙቀት ወሩም ተደምሮ ሲካፈል ነው! የአፋር ሰው ከርማ የሚለው ዝናብ የሚመጣው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ድሬዳዋም በሰኔ ትግላለች፤ ከዓመቱ ወራት ሁሉ የሚብሰው ሙቀቷ የዚህ ወር ነው።

በምዕራብ በኩል ጎሬን ብትጠይቁ «የቱ ዝናብ? መቼ ቆመና?» ይላችኋል። እዚያ ከመጋቢት እስከ ኅዳር ይዘንባል። በዓመት 2000 ሚሊ ሜትር ያህል ይወርዳል። በሶማሌ ክልል ያለችው ጎዴ በዓመት ከ300 አትበልጥም።

ሰሜኑና መካከለኛው ደጋ ሰኔን የሚጠብቀው በጭንቀት ነው። ዝናቡ ቀድሞ ቢገባና ቢቆም የተዘራው ይደርቃል። ዘግይቶ ቢገባ እህሉ ሳያፈራ በመስከረም ዝናብ ያጣል። የእኛን ሰኔ ግብፅም ትጠብቀው ነበር። የአስዋን ትልቁ ግድብ በ1962 ዓ.ም. ተሠርቶ እስኪያልቅ ድረስ የግብፅ ገበሬ የሚያርሰው የዓባይን ሙላት ተከትሎ ነው። ያ ሙላት ደግሞ የጎጃም፣ የጎንደር፣ የወሎ፣ የሸዋና የወለጋ ዝናብ ነው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ያወራሁት ለጨዋታ ብቻ አይደለም። ሬዲዮ ከፍታችሁ «መጪው ክረምት ጥሩ ዝናብ ይኖረዋል» ሲባል ብትሰሙ፣ መጀመሪያ መጠየቅ ያለባችሁ «የማን ዝናብ?» ብላችሁ ነው።

የአየር ትንበያ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ነው። ዓመቱን በሦስት ይከፍለዋል። ከጥቅምት እስከ ጥር በጋ፣ ከየካቲት እስከ ግንቦት በልግ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ክረምት። ከአባቶች የወረስነው አቆጣጠር በአራት ነው፤ ክረምትን የሚያስገባውም ሰኔ 26 ነው። ሁለቱም ለየራሳቸው ሥራ ትክክል ናቸው፤ አትጣሉባቸው። ለጋሞ ቆላና ለቦረና ሰው ግን ከሁሉ ይልቅ ጆሮውን ማቅናት ያለበት የበልጉ ትንበያ ሲነገርና በመስከረም የሚጀምረው ዝናብ ሲነገር ነው። «ክረምቱ ጥሩ ነው» ተብሎ ስለ ጎጃም የተነገረውን ሰምቶ ከብት ሳይሸጥ የቆየ የቦረና ሰው ይጎዳል።

ይህ ደግሞ የሆነ ነገር ነው። በ2012 ዓ.ም. ክረምት ዝናቡ በዛና አዋሽ ሞልቶ በአፋር ብዙ ሕዝብ ከቤቱ አፈናቀለ። ያ ውኃ ሳይደርቅ፣ በ2013 መጀመሪያ፣ በቦረና ዝናብ ቀረ። በተከታዩም ቀረ። እስከ 2015 ድረስ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሳይሳኩ ቀሩ። ስንቱ ከብት እንዳለቀ ያየ ያውቀዋል። ከዚያ በፊት በ2007 ዓ.ም. ደግሞ የተገላቢጦሽ ነበር። የክረምቱ ዝናብ በወሎ፣ በአፋር፣ በትግራይና በምሥራቅ ሐረርጌ ተቋረጠ። በ2008 ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የእህል ርዳታ አስፈለገው።

ምክንያቱ ሩቅ ነው። ፓስፊክ የሚባለው ታላቅ ውቅያኖስ በአንዳንድ ዓመት ከልኩ በላይ ይሞቃል፤ ይህን ኤል ኒኞ ይሉታል። ያን ጊዜ የሰሜኑ ክረምታችን ይደክማል፤ የደቡቡ የመስከረምና የጥቅምት ዝናብ ግን ብዙ ጊዜ ይበረታል። ውቅያኖሱ ከልኩ በታች ሲቀዘቅዝ ላ ኒና ይባላል፤ ያን ጊዜ ነገሩ ይገለበጣል። የ2007ቱ ድርቅ በኤል ኒኞ ነበር፤ የቦረናው በላ ኒና። እነዚህን ሁለት ስሞች ሬዲዮ ላይ ስትሰሙ አታልፏቸው። ከእኛ ወገን ማን እንደሚጠቀም፣ ማን እንደሚጎዳ ከወዲሁ ይናገራሉ።

በትንበያው ውስጥ ሦስት አባባሎች ትሰማላችሁ። «ከመደበኛ በላይ»፣ «መደበኛ»፣ «ከመደበኛ በታች»። መደበኛ ማለት በብዙ ዓመት የተለመደው ነው። ከጎኑ ቁጥር ይጠቀሳል። ለምሳሌ «ከመደበኛ በላይ የመሆን ዕድሉ 45 ከመቶ» ሊባል ይችላል። ይህ «ይዘንባል» ማለት አይደለም። እንዲህ ያለ ትንበያ 100 ጊዜ ቢነገር 45 ጊዜው ዝናቡ ከልኩ በላይ ይሆናል፤ 55 ጊዜው አይሆንም ማለት ነው። ስለዚህ አስተዋይ ገበሬ ማሳውን ሁሉ በአንድ ዘር፣ በአንድ ቀን አይሸፍንም። ከፊሉን ቶሎ በሚደርስ ዘር ይይዘዋል። ይህን አባቶቻችን ያለ ትንበያም ያውቁት ነበር።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ነገር ልምጣ።

ቆላ ያለ ሰው ሰማዩን ቀና ብሎ ያይና «ዛሬ አይዘንብም» ይላል። የሚገድለው ዝናብ ግን ከራሱ በላይ ያለው ሰማይ ላይ ላይኖር ይችላል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በሌሊት፣ በድሬዳዋ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይነግድበታል። ያን ሌሊት ኃይለኛው ዝናብ የወረደው በላይኛው የሐረርጌ ደጋ ላይ ነበር። ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ደግሞ ኦሞ ወንዝ ሞልቶ በደቡብ ኦሞ በዳሰነች አገር ከ300 በላይ ሰው አለቀ። እዚያም ዝናቡ የላይኛው አገር ዝናብ ነው። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው በከንቱ አይደለም።

ለአርባ ምንጭ ሰው ትርጉሙ ግልጽ ነው። ከተማዋን አቋርጦ ወደ ጫሞ የሚወርደው ኩልፎ የሚነሣው ከጋሞ ደጋ ነው። ታች ፀሐይ ሆኖ ላይ ተራራው ከጠቆረ፣ ከወንዙ ዳር ልጆቻችሁንና ከብቶቻችሁን አንሡ። ውኃው ድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና እንጨት ይዞ ከመጣ፣ ከላይ የማጓራት ድምፅ ከሰማችሁ፣ ልብስ ልሰብስብ አትበሉ። ልብስ ይታጠባል፣ ይገዛል።

ደጋ ላላችሁት አደጋው ሌላ ነው፤ መሬቱ ራሱ ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎረቤታችን በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ በኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ መሬት ተናደ። መጀመሪያ የተናደው ጥቂት ቤት ነበር የቀበረው። የሰፈሩ ሰው ጎረቤቱን ለማውጣት ሮጦ ተሰበሰበ። በእጁም በዶማም ሲቆፍር ሁለተኛው ናዳ ከላይ መጣባቸው። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ለማዳን የሮጡት ናቸው።

ይህን ሳነብ ምን ልበላችሁ እንደምችል ብዙ አሰብኩ። ጎረቤታችሁ አፈር ተጭኖት ዝም ብላችሁ ቁሙ አልላችሁም። ብላችሁም አትሰሙኝም፤ ልትሰሙኝም አይገባም። ነገር ግን የተናደ ተራራ አንድ ጊዜ ተናዶ አያቆምም። ከላይ የቀረው አፈር ድጋፉን አጥቷል። ስለዚህ ከመቆፈራችሁ በፊት ሁለት ወይም ሦስት ሰው በጎን በኩል፣ ናዳው በማይደርስበት ከፍታ ላይ አቁሙ። ሥራቸው ወደ ላይ ማየት ብቻ ይሁን። ድንጋይ ሲንከባለል፣ ዛፍ ሲነቃነቅ ካዩ ይጩኹ፣ ጥሩንባ ይንፉ። ለመቆፈር ጥቂት ሰው ይግባ፤ ሌላው ራቅ ብሎ ተራውን ይጠብቅ። ልጆች ጨርሰው አይቅረቡ።

መሬት ከመናዱ በፊትም ብዙ ጊዜ ምልክት ያሳያል። ከቤታችሁ በላይ ባለው ተዳፋት ላይ ስንጥቅ ከታየ፣ ቀጥ ብሎ የቆመው ባሕር ዛፍ ወይም አጥር ካዘነበለ፣ ምንጭ ያልነበረበት ቦታ ውኃ ካፈለቀ፣ ንጹሑ ምንጭ ከደፈረሰ፣ በር ያለ ምክንያት አልዘጋ ካለ፣ ያ ሌሊት በዚያ ቤት አይታደርም። ዘመድ ቤት እደሩ። ለቀበሌው ወዲያው ተናገሩ። ዝናብ ለቀናት ሳያቋርጥ ከዘነበ ደግሞ ምልክቱን አትጠብቁ። በሰኔ ውኃ የጠገበ መሬት በሐምሌ የሚመጣውን አንድ ከባድ ዝናብ ላይችል ይችላል። ዛፍ የተነቀለበትና ለመንገድ ወይም ለቤት የተቆረጠ ተዳፋት ከሁሉ የባሰ ነው።

ስለ መብረቅ አንድ ቃል ብቻ። ከዛፍ ሥር አትጠለሉ፤ ዶማና ማረሻ ይዛችሁ ሜዳ ላይ አትሂዱ። ስለ ወባም እንዲሁ። በቆላው በግንቦት የጣለው ዝናብ ሲያባራ ኩሬው ይቀራል፤ ትንኟ የምትራባው በዚያ ነው። ስለዚህ በአርባ ምንጭ አካባቢ ዝናቡ ቀነሰ ብላችሁ አጎበሩን አጥፋችሁ እንዳታስቀምጡት።

በመጨረሻ፣ ማንበብና ቁጥር መጻፍ ለያዛችሁ አንድ ሥራ ልስጣችሁ። ዝናብን ራሳችሁ ለኩ።

አንድ ባዶ ጣሳ ፈልጉ። ጎኑ ቀጥ ያለ፣ አፉና ሥሩ እኩል የሆነ ይሁን። ከዛፍና ከጣሪያ ራቅ አድርጋችሁ፣ ነፋስ እንዳይጥለው በድንጋይ ደግፋችሁ ደጅ አቁሙት። በየቀኑ ጧት 3 ሰዓት ላይ በውስጡ ያለውን ውኃ በማስመሪያ ለኩ። 10 ሚሊ ሜትር ካገኛችሁ በእያንዳንዱ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር መሬት ላይ 10 ሊትር ውኃ ወርዷል ማለት ነው። የቤታችሁ የቆርቆሮ ጣሪያ ርዝመቱ 6 ሜትር፣ ስፋቱ 5 ሜትር ነው እንበል። 6 ጊዜ 5፣ 30። 30 ጊዜ 10፣ 300 ሊትር። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ብትደረድሩ 15 ይሞላል፤ ጥቂቱ መንገድ ላይ ቢፈስ እንኳ 13 አይጠፋም። አንዲት እናት 13 ጊዜ ወደ ምንጭ ከመመላለስ ዳነች።

ከለካችሁ በኋላ ውኃውን ድፉት፤ ጣሳውን ወደ ቦታው መልሱት። ከዚያ ደብተራችሁን አውጡና ቀኑንና ቁጥሩን ጻፉ። ሰኔ 3፣ 12 ሚሊ ሜትር። ሰኔ 4፣ 0። ሰኔ 5፣ 7። ያልዘነበበትን ቀን 0 ብላችሁ ጻፉት እንጂ አትዝለሉት። 0 ካልተጻፈ፣ ከዓመት በኋላ ደብተሩን ስትገልጡ፣ ያን ቀን ዝናብ አልነበረም ወይስ እናንተ ጣሳውን አላያችሁም፣ አይታወቅም።